የእማሆይ ጽጌ ማርያም የእርጅና ዘመን

ስለ ፒያኖ ተጫዋቿና የሙዚቃ ደራሲዋ መነኩሴ፣ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሲነሳ ወሬው ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ለንደን ሄደው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ እንዲማሩ ዕድል አገኙ። የመሄጃ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። አዝነው እህል አልቀምስ አሉ። ከዚያ መነኮሱ። እዚህ ላይ ተራኪው ከንፈሩን ይመጣል። «ያሳዝናል» ይላል። በቃ፣ ታሪኩ አለቀ።

እኔን ይሄ አተራረክ ያናድደኛል። ያ ሁሉ ሲሆን እማሆይ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰባ ምናምን ዓመት ኖረዋል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። የመጨረሻዎቹን 39 ዓመታት ገደማ ያሳለፉት እዚያው ኢየሩሳሌም፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከፒያኗቸው ጋር ነው። ሲጸልዩ፣ ሲጫወቱ፣ ኖታ ሲጽፉ፣ የጻፉትን መልሰው ሲያዩ። እኛ ግን ያን ሁሉ ዘመን «ከዚያማ መነኮሱ» ብለን እንዘለዋለን።

ስለዚህ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ እርጅናቸው ነው። ስለ ወጣትነታቸው የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እላለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

የተወለዱት በ1923 አዲስ አበባ ነው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ስመ ጥሩው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት፣ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ ደግሞ እህታቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። ሙዚቃን ያገኙት እዚያ ነው።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚያወጣው መንገድ ምድር ባቡር ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሁሉ በእኛ በድሬዳዋ ጣቢያ ያልፋል። እኔ ደግሞ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ እነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር ቆሜ የድሮውን ለገሃር ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሁለት ሕፃናት ይታሰቡኛል። በዚህ አልፈው መሆን አለበት። ውሃ ጠጥተው ይሆን? ሙቀቱ አስለቅሷቸው ይሆን? መልስ የለኝም። የድሬ ሰው ነኝና እንዲህ ማሰቤን መተው አልችልም።

ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ጣልያን ገባ። በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው መጀመሪያ አሲናራ ወደምትባለው ደሴት፣ ከዚያ ኔፕልስ አጠገብ ወደሚገኘው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባለው ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ ፒያኖም ቫዮሊንም። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ጎዳውና ተመለሱ። ይሄን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ መለማመድም ጉድ ነው።

ከዚያ ያ የለንደን ነገር መጣ። ሐዘናቸው እውነት ነው፤ ማቃለል አልፈልግም። ግን ወዴት እንደሄዱ እንይ። ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። ግሸን ወሎ ውስጥ አምባሰል ላይ ያለች፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ ናት። እዚያ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ጫማ አላደረጉም። ፒያኖ የለም። ቫዮሊን የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲለማመዱ የነበሩ እጆች ለአሥር ዓመት ቁልፍ ሳይነኩ ኖሩ ማለት ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በዚያው አገር ስም፣ አምባሰል ተብሎ ነው። እማሆይ ያለ መሣሪያ የኖሩት በዚያ ምድር ላይ ነበር።

ሰው የሚያዝንላቸው ለንደን ባለመሄዳቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ከግሸን ሲወርዱ ሙዚቃው አብሯቸው መውረዱ ነው።

ወደ አክስቴ ልግባ። አክስቴ መነኩሴ ናት። እዚሁ ድሬ፣ ከእናቴ ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። «አንቺ» እያልኳት ነው ያደግኩት፤ ቆብ ከጫነች በኋላም አልተውኩም፣ እሷም አልከለከለችኝም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ድጓ የዘለቀ መሪጌታ ነበር። ልጆቿን ዳረች፣ እሱን ቀበረች፣ ከዚያ መነኮሰች። በእኛ አገር የተለመደው መንገድ ይሄው ነው። ሰው ሲያረጅ ይመነኩሳል። ከመነኮሰ በኋላ ደግሞ ቤተሰቡም ጎረቤቱም አንድ ነገር ብቻ ይጠብቅበታል፤ ቁጭ ብሎ እንዲጸልይና ቀኑን እንዲጠብቅ። ሥራ ሲሠራ ከታየ «አረ ይበቃሻል፣ እረፊ» ይባላል። አክስቴ ይሄን ስትሰማ መልስ አትሰጥም። ጥጧን ትፈትላለች። የፈተለችውን ሸማኔ ጋ ትልካለች። ነጠላው ሲመጣ ለቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ወይ ለደሃ ትሰጣለች።

አንድ የጾም ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ጋ ተቀምጬ ነበር። ቬንቲሌተሩ ሙቅ አየር ያዞራል። እሷ እንዝርቷን ይዛለች። ስልኬን አንድ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩና የእማሆይን ፒያኖ ከፈትኩላት። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። መጀመሪያ መፍተሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ እንዝርቱ ጭኗ ላይ አረፈ። ቀኝ እጇን አነሳች። ሌባ ጣቷን አየር ላይ እያንቀጠቀጠች ወደ ታች አወረደችው፤ መሪጌታው ለተማሪ ዜማ ሲያሳይ እንደሚያደርገው።

«ይሄ ርክርክ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ርክርክ ላይ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። እማሆይ ቀኝ እጃቸው አንድ ኖታ ላይ ደርሶ ሲርገበገብና ወደ ታች ሲንጠባጠብ፣ በአውሮፓ ሙዚቃ የሰለጠነ ጆሮ ማስጌጫ ነው ይለዋል። አክስቴ ሾፓን የሚባል የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሰምታ አታውቅም። ግን ባሏ ሌሊት ማኅሌት ሲቆም እየሰማች ነው የኖረችው። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀችው።

ከዚያ ማን እንደሆኑ ነገርኳት። መነኩሴ መሆናቸውን፣ ኢየሩሳሌም መኖራቸውን፣ ፒያኖው ክፍላቸው ውስጥ እንደነበረ። ስለ ለንደኑም አወራኋት። እሷ ግን ለለንደን ከንፈሯን አልመጠጠችም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ገዳሙ ፈቀደላቸው?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለማን ይጫወቱ ነበር?»

በእማሆይ ዙሪያ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ እነዚህ ሁለቱ ይበልጡብኛል። መነኩሴ ናት የጠየቀችው። ቆብ ጭኖ ሥራ መሥራት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

መጀመሪያው ጥያቄ ላይ እንቆይ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አለ። ከቅዳሴና ከማኅሌት ውጭ ለምስጋናና ለጸሎት በገና ይደረደራል። ፒያኖ ቦታ የለውም። እማሆይም ፒያኖውን ወደ ቅዳሴ ላምጣው አላሉም። ሥርዓቱን ለመለወጥ አልተሟገቱም። የተጫወቱት በክፍላቸው ነው። ግን ያንን ዜማ ውጭ ጥለውት አልገቡም። እንዲያውም በ1960ዎቹ ጎንደር ሄደው የያሬድን ዜማ አጥንተዋል። መንኩሰው፣ ካይሮ ተምረው፣ ሞዛርትና ቤትሆቨን ተጫውተው ሲያበቁ እንደገና ተማሪ ሆኑ። ከስዊዘርላንድ ያመጡትና ከያሬድ ቤት የተማሩት ሁለቱም አሥር ጣቶቻቸው ላይ ተገናኙ። የያኔው ጥናት ባይኖር አክስቴ ርክርኩን የምትሰማ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄም መልሱ ጎንደር ይጀምራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የአብነት ተማሪዎችን ያያሉ። ቁራሽ ለምነው የሚማሩ፣ ደጅ ላይ የሚያድሩ ልጆች። የቆሎ ተማሪ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ በየሰፈራችሁ አይታችኋል። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነው። በ1960ዎቹ ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ገቢው ለችግረኞች። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ቀጠሉ። ለአክስቴ ይሄን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ነጠላ ፈትሎ እንደመስጠት ነው የተረዳችው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ስለዚህ ዘመን እስከ ቅርብ ጊዜ ብዙ አይባልም ነበር። በ2024 ግን፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች ታተሙ። እማሆይ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜማሉ። ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ ስለ ስደት። ስቱዲዮ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ነው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አይጮህም። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። አድማጭ የለም፣ አሳታሚ የለም። ግን ካሴቱን ከተው ቀይ ቁልፉን ተጭነዋል። እኔ እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ካሴት አያስቀምጥም።

በ1984፣ እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ስድሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በእኛ አገር ልማድ ሰው ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ነው።

የኖሩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ነው። ደብረ ገነት ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ፣ በኢትዮጵያ ስም በተሰየመው መንገድ ላይ ያለ ገዳም ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጀምረውት በምኒልክ ዘመን የተፈጸመ፣ እንደ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆኖ የተሠራ። እዚያው ኢየሩሳሌም ካለው ሌላው የኢትዮጵያ ገዳም፣ ከዴር ሱልጣን ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የእማሆይ ክፍል ትንሽ ነበረች። አልጋ፣ ፒያኖ፣ በገዛ እጃቸው የሳሏቸው ቅዱሳት ሥዕላት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ፣ የቴፕ ክሮች፣ የተቆለሉ የኖታ ወረቀቶች። እዚህች ውስጥ ነው 39 ዓመት የተሠራው።

ዓለም ያወቃቸው እዚያ እያሉ ነው። በ2006 ፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኤትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቅጹን ለእሳቸው ብቻ ሰጠ። ሰማንያ ሦስት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ ማለት ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችን የሰማኋቸው በዚያ በኩል ነው። የአገሬን ሴት ፈረንሳይ ዞሬ ነው ያገኘኋት። ይሄ ያመኛል፤ ግን ያሳተሙትን አመሰግናለሁ።

ከዚያ ደግሞ ማያ ዱኒየትስ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ልታያቸው መጣች። ተቀራረቡ። ከጊዜ በኋላ እማሆይ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል አድርገው ሰጧት። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች። በእርሳስ የተጻፉ፣ የተደለዙ፣ የተደባለቁ፣ አንዳንዶቹ አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ። ማያና ባልደረቦቿ ገጹን ከገጽ እያገጣጠሙ፣ ሲጠፋባቸው እሳቸውን እየጠየቁ፣ በ2013 የኖታ መጽሐፍ ታተመ። ኢየሩሳሌም ውስጥም ሥራዎቻቸው በኮንሰርት ቀረቡ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ተቃርበው ነበር።

ፌስታሉን አስቡት። ሌላ አረጋዊ ቢሆን «ስሞት ይቃጠል» ሊል ይችላል። ወይ ደግሞ «ልጆቼ ያውቃሉ» ብሎ ይተወዋል። እማሆይ አንዱንም አልጣሉም። ከአገር አገር ሲዞሩ ይዘውት ዞሩ። ሰጪም ሆነው በራሳቸው እጅ ሰጡ። ከዚያ ቁጭ ብለው ስህተቱን አረሙ። እርጅናቸው ሥራ የበዛበት ነበር የምለው ለዚህ ነው። የለንደን ትምህርት የቀረባቸው ሰው ማጽናኛ አድርጌ አላየውም። ዋናው ሥራ የተጠናቀቀው እዚህ ነው። ባያረጁ ኖሮ፣ ደግሞም እያረጁ ባይሠሩ ኖሮ፣ ዛሬ እኔ እጅ ላይ ምንም አይደርስም ነበር።

እኔ እጅ ላይ ስል፣ ኪቦርድ አለኝ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት። እማሆይን መጫወት ቀላል ይመስላል፤ ኖታው ብዙ አይደለም፣ ፍጥነትም የለውም። ግራ እጅ ዝም ብሎ ይራመዳል። ችግሩ ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ግራውን አይጠብቅም። እንደ ትንፋሽ ነው የሚሄደው። ይዘገያል፣ ድንገት ይፈጥናል፣ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ግራ እጅ እስኪደርስበት። እግሬን መሬት ላይ እየመታሁ ልቆጥር ስሞክር ሁሉም ነገር ይሞታል። መቁጠሩን ትቼ እንደ ዜማ ውስጤ ሳዜመው ደግሞ ይነሳል። የውጭ ጸሐፊዎች ይሄን ብሉዝ ይሉታል፣ ጃዝ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ድጓ የሰማ ሰው ከየት እንደመጣ ያውቀዋል። አክስቴ ብሉዝ አላለችም።

ኪቦርዴ 61 ቁልፍ ነው ያለው። ፒያኖ 88 አለው። እማሆይ ግራ እጃቸውን ወደ ታች፣ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሲወስዱት፣ የእኔ ጣት ከኪቦርዱ ጫፍ አልፎ ጠረጴዛው እንጨት ላይ ያርፋል። ባሕርን የሰየሙበት ሥራቸው አለ፤ እዚያ ላይ ይሄ ቶሎ ቶሎ ይገጥመኛል። ኖታውን አውቀዋለሁ፣ ቁልፉ ግን የለም። መብራት ከሄደ ደግሞ ያለውም ዝም ይላል።

እዚህ ድሬ ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው። ስለ ሞዛርት ሲነገራቸው ይሰማሉ፣ ስለ እማሆይ ሲነገራቸው ዓይናቸው ይፈጣል። «የእኛ አገር ሰው ናቸው? መነኩሴ? ፒያኖ?» ይላሉ። አንዷ ልጅ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዘጠና ዘጠኝ ሆኗቸው እንዳረፉ ነገርኳት። «እስከዚያ ድረስ ይጫወቱ ነበር?» አለች። ስለ ለንደን ሳልነግራት ነው የቀረሁት። ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ትስማ፣ ሐዘኑን ሌላ ሰው ይነግራታል።

በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽንም ዓላማው ይሄው ነው፤ አቅም የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ መርዳት። ጎንደር ደጅ ላይ ካዩዋቸው ልጆች የመጣ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ አሁን ስልኬን ስታይ «እኒያን እማሆይ ክፈቺልኝ» ትለኛለች። ስትሰማ መፍተሏን አታቆምም። አንዳንዴ ታርመኛለች፤ እኔ ኪቦርድ ላይ ስሞክር «እዚህ ጋ ቸኮልሽ» ትላለች። ኖታ አታነብም። ግን ልክ ናት። ያ ቦታ ላይ ሁሌ እቸኩላለሁ።

እንግዲህ የማስቸግራችሁ አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ ውስጥ ወይ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር፣ የሚሠራ እውነተኛ ፒያኖ ያለበት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይ ክበብ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የተቃኘ ባይሆንም ግድ የለም። ሁለት ሦስት ተማሪዎችና አንዲት መነኩሴ ይዤ እመጣለሁ። ከቀትር በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት ሙቀቱ ለአክስቴ አይሆንም።